ምዕራፍ 7፦ ቁስለኛዋ ኤሊና ኩሬዋ

ራኩን የሚመጣው ሌሊት ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ሰፈሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ይህን ዓይኑ ዙሪያ ጥቁር የሆነ አውሬ የቆሻሻ በርሜል ሲገለብጥ፣ ለድመት የተቀመጠ ምግብ ሲጠራርግ እያዩ ለምደውታል። የፊት እግሮቹ ጣቶች ረጃጅምና ቀልጣፋ ናቸው። ጭቃ ዳብሶ እንቁራሪት ያወጣል፣ መቀርቀሪያ ይከፍታል፣ በሽቦ አጥር ቀዳዳ አሾልኮ ዶሮ ይጎትታል። ጓሮ ውስጥ ጥልቀት የሌለው ኩሬ፣ ከዳሩ ደግሞ የተኛች ኤሊ ካገኘ ብዙ አይደክምም። ቅርፊቷን መስበር ቢያቅተው እንኳ ወጣ ያለውን እግሯን ወይም ጅራቷን ያኝካል። ጠዋት ባለቤቷ ምግብ ሊሰጣት ሲወጣ የሚያየው ደም የነካው ድንጋይ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ ቅርፊትና አንገቷን ጨርሳ ወደ ውስጥ ያስገባች ኤሊ ነው።

ራኩን ብቻውን አይከሰስም። ውሻ ኤሊን እንዳገኘው አጥንት ይግጣታል፤ የሣር ማጨጃ ማሽን ሣር ውስጥ የተደበቀችውን ይመታታል፤ ከግቢ አምልጣ መንገድ የወጣችውን መኪና ይወጣባታል። እንዲህ ያለ ጉዳት የደረሰባት ኤሊ ትድናለች ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሱ፣ ብዙ ሰው ከሚጠብቀው በላይ፣ አዎ ነው። ሌላ እንስሳ የማይቋቋመውን ጉዳት ኤሊ ትቋቋማለች። ሐኪሙ ስብራቱን ይገጥማል፤ ለአደጋ ያጋለጣትም ሆነ ቁስሏን የሚያመረቅዘው ግን በአብዛኛው ያው ኩሬዋ ነው። ኩሬው ሳይስተካከል የምትመለስ ከሆነ ሕክምናው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

በአሜሪካ ጓሮዎች በብዛት የምትታየው ከዓይኗ ኋላ ቀይ መስመር ያላት፣ ባለ ቀይ ጆሮ የምትባለው የውሃ ኤሊ ናት። የትውልድ አገሯ ከሚሲሲፒ ወንዝ ሸለቆ እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ይዘልቃል። ስትፈለፈል ርዝመቷ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ ልጆች በመዳፋቸው ይዘዋት ይመጣሉ። ሴቷ ግን ስታድግ 25 ሴንቲ ሜትር ትደርሳለች፣ አንዳንዴም ታልፋለች፤ ዕድሜዋም ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። የመስታወት ገንዳው ሲጠባት ጓሮ ይቆፈርላታል። በችኮላ የተቆፈረ ኩሬ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥልቀት የለውም፤ ዳሩ ተዳፋት ነው፣ ውሃው የቆመ ነው። ለሰው ዓይን ያማረ፣ ለራኩን ግን የተዘረጋ ገበታ ይሆናል።

የቁስሉን ክብደት ለመረዳት ቅርፊቱ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ኤሊ ቅርፊቷን እንደ ቤት ተሸክማ የምትዞር ይመስለዋል። ቅርፊቱ አካሏ ነው። የጎድን አጥንቶቿና የጀርባ አከርካሪዋ ጠፍጥፈው ተጣብቀው የላይኛውን ክዳን ሠርተዋል፤ ከላይ የሚታዩት ጠፍጣፋ ክፍሎች የሰው ጥፍር ከተሠራበት ዓይነት ንጥረ ነገር፣ ከኬራቲን የተሠሩ ናቸው። ከሥራቸው ያለው አጥንት ሕያው ነው፤ ደም ይዘዋወርበታል፣ ነርቭ አለው፣ ሲነካ ይሰማታል፣ ሲሰበር ያማታል። ሳንባዎቿ ከላይኛው ክዳን ሥር ተለጥፈው ስለሚገኙ ጀርባዋ ላይ የተከፈተ ስንጥቅ በቀጥታ ወደ ሳንባ ሊወስድ ይችላል። እንዲህ የቆሰለችን ኤሊ ወደ ኩሬ መመለስ፣ ባክቴሪያ የሞላበትን ውሃ ወደ ደረቷ እንደ ማስገባት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከውሃ ማውጣት ነው። የውሃ እንስሳን ከውሃ ማራቅ ጭካኔ ይመስላል፤ ጤነኛ የውሃ ኤሊ ግን ደረቅ ቦታ ላይ ረጅም ሰዓት መቆየት ትችላለች፣ ለቆሰለችው ደግሞ ደረቅነት መድኃኒት ነው። ንጹሕ ፎጣ የተነጠፈበት ሳጥን፣ ጸጥ ያለና ሞቅ ያለ ክፍል ይበቃታል። የሚደማ ቦታ ካለ በንጹሕ ጎዝ ጫን አድርጎ መያዝ፣ ቆሻሻውን በጨው ውሃ (ሐኪም ቤት ለቁስል በሚጠቀሙበት ዓይነት) ወይም ቀለሙ ቀጭን ሻይ እስኪመስል በቀጠነ አዮዲን ቀስ ብሎ ማጠብ ይቻላል። አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ለመዳን የሚታገለውን ሥጋ ጭምር ስለሚያቃጥሉ ይቅሩ። ሙጫ ደግሞ ፈጽሞ አይነካ፤ ስንጥቁን ቤት ውስጥ በሙጫ የደፈነ ሰው ጀርሙን ከውስጥ ቆልፎበታል። በሙቀት ወራት ዝንብ ቁስሉ ላይ እንቁላል ይጥላል፤ እንቁላሉም ቶሎ ትል ስለሚሆን ሳጥኑ ቤት ውስጥ መሆን አለበት። ከዚያ በዚያው ቀን የሚሳቡ እንስሳትን ወደሚያክም ሐኪም መሄድ ነው።

የማትንቀሳቀስ ኤሊ ሞታለች ብሎ ለመቅበር መቸኮልም አይገባም። በአሜሪካ ብራውን ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ጃክሰን የተባሉ ሳይንቲስት ባለ ቀይ ጆሮዋ የምትመደብበት ቤተሰብ አባል የሆነችውን ባለ ቀለም ኤሊ ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። 3 ዲግሪ ሴልሺየስ በሆነ ኦክስጅን አልባ ውሃ ውስጥ ከሦስት ወር በላይ በሕይወት ትቆያለች። ኦክስጅን ሲያጣ ሰውነቷ ውስጥ የሚጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ የሚያበርደው ቅርፊቷ ራሱ ነው፤ ካርቦኔት ወደ ደም ይለቃል፣ የአሲዱንም ከፊል ወደ ራሱ ስቦ ያከማቻል። የልብ ምቷ በዚህ ጊዜ በጣም ስለሚዘገይ በእጅ ዳሰሳ አይታወቅም። ሐኪሞች የልብ ምቷን በድምፅ ሞገድ የሚያዳምጥ መሣሪያ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

ኤሊ አትጮህም። ይህ ዝምታዋ ለረጅም ጊዜ ጎድቷታል፤ ሕመሟ ቀላል ነው ተብሎ ተገምቷል፣ ማስታገሻ ከተሰጣትም በሌሎች እንስሳት ላይ የሠራው መድኃኒት በእሷም ላይ ይሠራል ተብሎ ነበር። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት ይህን ግምት ፈተነው። ባለ ቀይ ጆሮ ኤሊዎችን እግር በሙቀት እየነኩ ምን ያህል ፈጥነው እንደሚሸሹ ለኩ። በእንስሳት ሐኪሞች ዘንድ የተለመደው ቡቶርፋኖል የሚባለው ማስታገሻ ለኤሊዎቹ ምንም አልፈየደም፤ ሞርፊን ግን ሕመሙን ቀነሰ፣ ምንም እንኳ አተነፋፈሳቸውን ለረጅም ሰዓት ቢያዳክምም። ከዚያ በኋላ የመጡ ጥናቶች ትራማዶል አተነፋፈስን ያን ያህል ሳይጫን ሕመም እንደሚያስታግስ አሳዩ። ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ለዓመታት ማስታገሻ ተሰጥቷቸዋል የተባሉ ኤሊዎች ሕመማቸውን እንደተሸከሙ ነበር ማለት ነውና፣ ባለቤት ሐኪሙን ስለ ማስታገሻው ስምና መጠን ቢጠይቅ እንደ መዳፈር ሊቆጠርበት አይገባም።

ሐኪሙ ራጅ ያነሳል፣ የደረቀውን ሰውነቷን በፈሳሽ ይደግፋል፣ አንቲባዮቲክ ይጀምራል። መርፌው የሚወጋው በፊት እግሯ በኩል ነው፤ ከኋላ እግሮቿ የሚመለሰው ደም የተወሰነው ወደ ልብ ከመድረሱ በፊት በኩላሊት ስለሚያልፍ ከኋላ የተወጋ መድኃኒት ሥራውን ሳይሠራ ሊወጣ ወይም ኩላሊቱን ሊጎዳ ይችላል። ሰውነቷ ዝግተኛ በመሆኑም አንዳንዱ አንቲባዮቲክ የሚሰጣት በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

የተሰበረውን ቅርፊት መግጠም የራሱ ታሪክ አለው። ቀድሞ ስብራቱ በፋይበርግላስና በኤፖክሲ ሙጫ ይሸፈን ነበር፤ ሲታይ ያማረ፣ ውሃ የማያስገባ ነበር። ችግሩ ከሥሩ የቀረ ጀርም ካለ ማንም ሳያየው አጥንቱን መብላቱ፣ በማደግ ላይ ያለችውን ኤሊ ደግሞ ቅርፊቷን አንቆ መያዙ ነው። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች ቁስሉን ክፍት ትተው ስብራቱን በብሎንና በሽቦ፣ ወይም ከስንጥቁ ግራና ቀኝ በተለጠፉ ትንንሽ መንጠቆዎች ይስቡታል። በየጊዜው ይታጠባል፣ ይታያል። በ2019 እ.ኤ.አ. በሰሜን ካሮላይና የሚገኘው ካሮላይና ዋተርፎውል ሬስኪዩ የተባለ የእንስሳት መታደጊያ ለዚህ ሥራ የጡት መያዣ መንጠቆ እንደሚፈልግ ለሕዝብ አስታወቀ። ሴቶች ያረጁ ጡት መያዣዎቻቸውን መንጠቆ እየቆረጡ ከየአቅጣጫው ላኩ። መንጠቆዎቹ በየስንጥቁ ዳር ይለጠፋሉ፣ ሽቦ ይተበተብባቸዋል፣ አጥንቱ ሲገጥም ያለምንም ጉዳት ይነሳሉ።

ባልቲሞር ከተማ በሚገኘው የሜሪላንድ መካነ እንስሳት የሆነውም መጠቀስ ይገባዋል። በሐምሌ ወር 2018 እ.ኤ.አ. የመካነ እንስሳቱ ሠራተኛ ድሩይድ ሂል ፓርክ ውስጥ የሆዷ ቅርፊት ብዙ ቦታ የተሰበረ የዱር ኤሊ አገኘ። ሐኪሞቹ በብረት ሳህን፣ በልብስ መንጠቆና በሽቦ ገጠሟት። ችግር ሆኖ የቀረው ስትራመድ ሆዷ መሬት መፈተጉ ነበር፤ ኤሊን ደግሞ ተኝተሽ ዳኚ ማለት አይቻልም። ልምምድ ላይ የነበረ አንድ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ንድፍ ሠርቶ ዴንማርክ ለምትኖር የሌጎ አዋቂ ወዳጁ ላከ፤ በልጆች መጫወቻ ጡቦች ባለ አራት ጎማ ጋሪ ተሠራላት። ሆዷ ከመሬት ተነስቶ ጎማው ይሽከረከር ጀመር፤ እግሮቿም ሥራ ሳይፈቱ አጥንቷ ጊዜ አገኘ። የኤሊ አጥንት ለመግጠም ወራት፣ አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በላይ ይፈጃል፤ ጋሪው የተፈለገው ለዚህ ረጅም ጊዜ ነው።

ከመድኃኒቱ እኩል የሚያድናት ሙቀት ነው። በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ማቲው ክሉገርና ባልደረቦቻቸው በ1975 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሙከራ ይህን በግልጽ አሳይቷል። የበረሃ ኢጉዋና የሚባሉ እንሽላሊቶችን ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ በተባለ ባክቴሪያ ለክፈው በተለያየ ሙቀት አስቀመጧቸው። 34 ዲግሪ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ሞቱ፤ 42 ዲግሪ ላይ የነበሩት አብዛኞቹ ተረፉ። እንሽላሊት ከውስጧ ትኩሳት ማመንጨት ባትችልም ወደ ሙቀት በመሄድ ትኩሳትን ታገኛለች፣ ትኩሳቱም ያድናታል። የውሃ ኤሊ 42 ዲግሪ ላይ ትሞታለች፤ ለእሷ የሚስማማው ማገገሚያ ውሃው ከ26 እስከ 28 ዲግሪ፣ የፀሐይ መሞቂያ ቦታዋ ደግሞ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ የሆነ ነው። ሕጉ ግን አንድ ነው፤ ብርድ ውስጥ የተቀመጠች ቁስለኛ ኤሊ መከላከያዋም መድኃኒቷም አይሠራላትም።

ኤሮሞናስ ሃይድሮፊላ የት ነው የሚኖረው? ሞቃትና የቆመ ውሃ ውስጥ። ያልተጣራ የኤሊ ኩሬ ይመቸዋል።

በማገገሚያው ወቅት ኤሊዋ ቀኑን የምታሳልፈው ደረቅ ቦታ ነው። ሐኪሙ ሲፈቅድ በቀን አንድ ጊዜ ለአጭር ሰዓት ንጹሕ፣ ጥልቀት የሌለው ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትገባለች፤ የውሃ ኤሊ የምትበላውም ውሃ ውስጥ ስለሆነ ምግቧ በዚያ ይሰጣታል። ሥጋ ብቻ መመገብ የቆየ ስሕተት ነው። ካልሲየም ያነሰው ምግብ ቅርፊቱን ያለሰልሳል፣ የቫይታሚን ኤ እጥረት ዐይኖቿን ያሳብጣል። አረንጓዴ ቅጠል፣ ለኤሊ የተዘጋጀ ጥራጥሬ መሳይ ምግብ፣ አልፎ አልፎ ትንሽ ዓሣ ይበቃታል። ካልሲየሙ ወደ አጥንት የሚገባው ቆዳዋ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር አግኝቶ ቫይታሚን ዲ ሲሠራ ነው፤ ጨረሩ በመስኮት መስታወት ስለማያልፍ ቤት ውስጥ የከረመች ኤሊ ልዩ አምፖል ያስፈልጋታል።

እሷ ቤት ውስጥ ስታገግም ኩሬው ይታደሳል። ለ25 ሴንቲ ሜትር ኤሊ አርቢዎች የሚመክሩት ትንሹ የውሃ መጠን 380 ሊትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። ኤሊ ብዙ ትበላለች፣ ብዙ ትጥላለች። ከቆሻሻዋ የሚወጣው አሞኒያ መርዝ ነው፤ አንዱ ዓይነት ባክቴሪያ ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ያንን ወደ ናይትሬት ይለውጠዋል፣ ናይትሬቱን ተክል ይወስደዋል። ለዓሣ ኩሬ የተሸጠ ማጣሪያ ለኤሊ ያንሳል፤ ከኩሬው መጠን እጥፍ ለሆነ ውሃ የተሠራውን መግዛት ይሻላል። እነዚህ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ማጣሪያው ውስጥ እስኪረቡ ሳምንታት ስለሚፈጅ ኩሬው ከኤሊዋ ቀድሞ ሥራ መጀመር አለበት። ማጣሪያውን በቧንቧ ውሃ አጥቦ "ማጽዳት" ክሎሪኑ ባክቴሪያውን ስለሚገድል ሥራውን ወደ ዜሮ ይመልሳል፤ ከኩሬው በተቀዳ ውሃ ማጠብ ነው የሚበጀው።

ናይትሬቱን የሚስበው ተክል ምርጫ ላይ ለኢትዮጵያ አንባቢ የሚያስደነግጥ ስም አለ፦ እምቦጭ። በ2011 እ.ኤ.አ. ጣና ላይ ከታየ ወዲህ ዓሣ አጥማጁን፣ ከብቱንና ታንኳውን ያስጨነቀው ይኸው አረም በአንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች የኩሬ ተክል ተብሎ ይሸጣል። ሥሩ ናይትሬትን አጥብቆ ይመጥጣል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ኤሊም ትበላዋለች፤ ውርጭ ባለበት አገርም ክረምቱ ይገድለዋል። ሞቃት በሆኑት ቴክሳስንና ፍሎሪዳን በመሰሉ ግዛቶች ግን የተከለከለ ነው፣ መከልከሉም ትክክል ነው። ጣናን ያየ ሰው በተዘጋ ኩሬ ውስጥ እንኳ ከእሱ ይልቅ የአካባቢውን ተክል ቢመርጥ ይሻላል። ባለ ቀይ ጆሮዋ ኤሊ ራሷ በብዙ አገር የእምቦጭ ዓይነት ታሪክ አላት። ሰዎች ሲሰለቻቸው ወንዝ ውስጥ እየለቀቋት የአገሬውን ኤሊዎች ከመሞቂያ ቦታና ከምግብ ስላፈናቀለች የአውሮፓ ኅብረት በ2016 እ.ኤ.አ. በወራሪ ዝርያዎች መዝገብ አስገብቷታል።

ከራኩን የሚያስጥለው የኩሬው ቅርጽ ነው። ራኩን ዋና ቢችልም የሚያድነው ቆሞ እየዳበሰ ነው፤ ዳሩ ቀጥ ብሎ የሚወርድ፣ 60 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው ውሃ መቆሚያ ያሳጣዋል። ስለዚህ የመሞቂያው ግንድ ከዳር ተነጥሎ መሐል ላይ ይንሳፈፍ፤ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝበት ቦታ ሆኖ ኤሊዋ የምትወጣበት አንድ ጫፉ ውሃ ውስጥ የሰመጠ ይሁን። የሌሊት መሸፈኛው ጠንካራ፣ ቀዳዳው ጠባብ የሆነ ብየዳ ሽቦ መሆን አለበት። ቀጭኑን የዶሮ ሽቦ ራኩን ይቀደዋል፣ በሰፊ ቀዳዳም እጁን ያስገባል። አጥሩ ደግሞ ለሁለት አቅጣጫ ይሠራል፤ ኤሊ ግድግዳ መውጣትና መሬት መቆፈር ስለምትችል ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ሥሩ መሬት ውስጥ የገባ ሊሆን ይገባል። ሴት ኤሊ ወንድ ባይኖርም እንቁላል ትጥላለች፤ የምትቆፍረው አሸዋማ አፈር በአጥሩ ውስጥ ካላገኘች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይቀራል፣ ይህም ይገድላታል።

በኢትዮጵያ በየግቢው የምትታየዋ ኤሊ የየብስ ኤሊ በመሆኗ ይህ የኩሬ ምክር ለእሷ አይሆንም። ነብርማ ነጠብጣብ ያላት፣ በስምጥ ሸለቆና በደረቅ ቆላዎች የምትኖረው ይህች ኤሊ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ከገባች ትሰምጣለች። ለእሷ የሚበቃት ገብታ ልትወጣበት የምትችል ጠፍጣፋ የመጠጫ ሳህን ነው። የቅርፊት ስብራቷ ግን በዚያው መንገድ ይታከማል፦ ንጽሕና፣ ሙቀት፣ ደረቅ ቦታና ሐኪም።

ብርዳማ አገር ውስጥ የቀረው ጥያቄ ክረምት ነው። ጤነኛ ኤሊ በረዶ በያዘ ኩሬ ወለል ላይ ልትከርም ትችላለች፤ ውሃ ከሁሉ የሚከብደው 4 ዲግሪ ላይ ስለሆነ ጥልቅ ኩሬ ታችኛው ክፍሉ አይረጋም። ቁስሏ ያልዳነ፣ ወይም በበጋው የከሳች ኤሊ ግን በዚያ ብርድ አጥንቷም አይጠገንም፣ ጀርምንም አትከላከልም። በመስከረም የቆሰለች ኤሊ እስከ ፀደይ ቤት ውስጥ ትቆያለች። በዚህ ጊዜ ሁሉ ሳልሞኔላ አይረሳ፤ ጤነኛ ኤሊም ትሸከመዋለች። የአሜሪካ መንግሥት በ1975 እ.ኤ.አ. ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎች እንዳይሸጡ የከለከለው ሕፃናት አፋቸው ውስጥ እየከተቷቸው ስለታመሙ ነው። ገንዳዋ በወጥ ቤት ማጠቢያ አይታጠብም፣ የነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠባል፣ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆችም አይነኳትም።

ፀደይ ሲመጣ የኩሬው ውሃ ሌሊትም ጭምር ከ18 ዲግሪ በላይ መቆየቱ በቴርሞሜትር ይረጋገጣል። አሞኒያውና ናይትራይቱ በመለኪያ ጠብታ ዜሮ ማሳየት አለባቸው። ሐኪሙ በራጅ አጥንቱ መያያዙን ካየ በኋላ መጀመሪያ ቀን ቀን ብቻ ትገባለች፣ ማታ ወደ ቤት ትመለሳለች። እግሯን ያጣችዋም በሦስት እግር ለመዋኘት ጊዜ አይፈጅባትም፤ ወደ ግንዱ መውጣት ግን ሊከብዳት ስለሚችል ዳገቱ ዝቅ ይደረግላታል፣ መያዣ እንዲሆናትም ሻካራ ጨርቅ ወይም የቡሽ ቅርፊት ይለጠፍበታል። በየሳምንቱ ትመዘናለች፤ ስብራቱ የተገጠመበት ቦታ ቀለሙ ከተለወጠ፣ ከሸተተ ወይም በጣት ሲጫኑት ከለሰለሰ በዚያኑ ዕለት ከውሃ ወጥታ ወደ ደረቁ ሳጥኗ ትመለሳለች።